እማሆይ ጽጌ ማርያም በድምፃቸው

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ19 ዓመታቸው ከአዲስ አበባ ወጥተው በዚሁ በወሎ፥ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። እኔ ዛሬ 18 ዓመቴ ነው።

ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነበር፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸውም ቃል የለበትም። ሆኖም ከ1977 እስከ 1985፥ በደርግ ዘመን፥ አዲስ አበባ በቤታቸው ፒያኖውን እየመቱ የራሳቸውን ግጥም እያንጎራጎሩ በቴፕ ቀድተው ነበር። ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ጩኸት ሳይቀር ተቀድቷል፤ እኔ ይህን ስሕተት አልለውም።

የሚያስደንቀው ገና አገር ቤት ሳሉ ስለ ስደትና ስለ አገር ናፍቆት መዝፈናቸው ነው። ድምፃቸው አይጮኽም፤ ለብቻው እንደሚጸልይ ሰው ዝቅ ይላል። ወደ ዐረብ አገር የሄደች እኅት ያለችን ሁሉ ይገባናል።

በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሸክላው የወጣው በ2024 ነው።