ሞተርን ከታች ማጠንከር

ስለ መኪና ጉልበት ሲወራ ወሬው ሁሉ ከላይ ይጀምራል፤ ቱርቦ፣ ቴስታታ፣ የጭስ ማውጫ። ጉልበቱን ተሸክሞ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ግን የሞተሩ ታችኛው ክፍል ነው፤ ክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኑን ከእርሱ ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ፣ በመካከላቸው ያሉት ብሮንዞች፣ ሁሉንም አስረው የሚይዙት ብሎኖች፣ ከሥር ደግሞ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ኮፓ። በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ይህ የሞተር ክፍል ዕለት ዕለት ይፈተናል። የጅቡቲ ጭነት በዚያ ያልፋል፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ የፍጥነት መንገድም የሚጀምረው ከቱሉ ዲምቱ ነው። በከተማ መጨናነቅ ዕድሜዋን የጨረሰች አሮጌ ኮሮላ ድንገት ረጅምና ክፍት መንገድ የምታገኘው እዚያ ነው።

አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ አንድ አምስተኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ጋዝ ቢዬላውን የሚገፋበት ኃይልም ይቀንሳል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ሞተሬ አይሰበርም» የሚል ሾፌር ግን ተሳስቷል። ጉልበት ያነሰበት ሾፌር ማርሽ ቀንሶ ዙር ይጨምራል፤ በዙር የሚመጣው ጭነት ደግሞ ከአየሩ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

የቶዮታ ሱፕራን 2ጄዜድ ሞተር እንውሰድ። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች 86 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። በደቂቃ 7,500 ዙር ሲደርስ፣ ከነፒኑና ከነፋሻው ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፒስተን ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ቢዬላውን ከ1.7 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይጎትታል። በ6,000 ዙር ይኸው ኃይል 1.1 ቶን ገደማ ነበር። ዙሩ የጨመረው በሩብ ነው፤ መጎተቱ ግን ከግማሽ በላይ ጨመረ። ክፉው ቅጽበት የሚመጣው ጭሱ በሚወጣበት ምት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ፒስተኑን ከላይ ተጭኖ የሚያግዘው ጋዝ ስለሌለ ሸክሙ በሁለት ቀጫጭን የቢዬላ ብሎኖች ላይ ይወድቃል።

በእኔ እምነት ገንዘብ መጀመሪያ መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። የብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ብሎን ሲታሰር ሆን ተብሎ እንዲሳብ የተሠራ ስለሆነ፣ አንዴ ከተፈታ መልሶ ማሰር ኪሳራ ነው። ጠንካራ ብሎን መግዛት ብቻም አይበቃም። አዲሱ ብሎን ቢዬላውን በሌላ ኃይል ስለሚጨምቀው ክብ የነበረው ቀዳዳ በጥቂቱ ሊንጋደድ ይችላል፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስለካትና ማስተካከል የግድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘይቱ ክፍተት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የክራንክሻፍት አንገትና በብሮንዙ መካከል የሚተወው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብረቱን ከብረት የሚለየው በዚያ ውስጥ የሚያልፈው ዘይት ብቻ ነው። ያለ ማይክሮሜትር፣ በእጅ አወዛውዞ «ጥሩ ነው» ብሎ ሞተር የሚገጥም መካኒክ፣ ከውጭ በመጣ ውድ ቢዬላም ቢሆን ሞተሩን ከመንከስ አያድነውም። አንገቱ የተላጠ ክራንክሻፍት በማሽን ይሞረድና 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ለቀነሰ አንገት የተሠራ ወፈር ያለ ብሮንዝ ይገባለታል። አሠራሩ ትክክለኛና የተለመደ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይረሳል። ላይኛው ቆዳው ብቻ በናይትሮጅን የጠነከረ ክራንክሻፍት ሲሞረድ ያ ቆዳ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በአንገቱ ጥግ ያለው ክብ መታጠፊያ ስል ሆኖ ከቀረም ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዘይቱ ራሱም ቦታውን መልቀቅ የለበትም። መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ ኮፓው አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑም አየር ይስባል። ለዚህ በኮፓው ውስጥ የሚበየድ መከለያ ርካሽ ነው፣ በየብየዳ ቤቱም ይሠራል።

ለውድድር የሚፈበረኩ ቢዬላና ፒስተኖች በሶማሌ ተራ ገበያ እንደ ማንኛውም መለዋወጫ ተደርድረው አይጠብቁም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ሞተር አድሶ ማቆየት የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ብረት ማቅለጥና መቅረጽ ለአቃቂ እንግዳ ሙያ አይደለም፤ ለፋብሪካዎች መለዋወጫ የሚሠራው ትልቁ የብረታ ብረት ድርጅት እዚያው ነው። ቢዬላ ግን በእያንዳንዱ ዙር እየተጎተተና እየተጨመቀ ስለሚኖር ቅርጹን አስመስሎ መሥራት አይበቃም፤ የብረቱ ዓይነትና የሙቀት አያያዙ የታወቀ መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚረክሰው ማጠንከሪያ የዙር ገደብ ነው። ከ7,500 ወደ 7,000 ማውረድ ብቻ ፒስተኑ ቢዬላውን የሚጎትትበትን ኃይል በ13 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይሁንና ገደቡ ነዳጅ ይቆርጣል እንጂ ጎማው ሞተሩን ሲነዳው አያስቆምም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በስህተት ሁለተኛ ማርሽ የገባ እንደሆነ፣ ዙሩን የሚወስነው ቁልቁለቱ ነው።