ኮምፒውተሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሳጥን

በጋዝጊብላ ወረዳ መቀመጫ በአስከተማም ሆነ በሰቆጣ፣ ኮምፒውተር ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ሲል ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው አምፖሉን ነው። አምፖሉም ጠፍቶ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ መብራት ሄዷል። ግራ የሚያጋባው አምፖሉ እንደበራ፣ የጎረቤት ጠረጴዛው ኮምፒውተርም እየሠራ፣ ያ አንዱ ብቻ ሲጠፋ ነው። ያኔ ከየአቅጣጫው ምክር ይዘንባል፤ አብዛኛውም «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። በእኛ ቢሮዎች ፎርማት የማይታዘዝለት ሕመም የለም። ፋይል ይጠፋል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ በማግስቱ ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ድርግም ይላል። ቫይረስ ኮምፒውተርን ሊያንቀራፍፍ፣ ፋይል ሊደብቅ ይችላል፤ በአንድ ቅጽበት ሁሉም ነገር የሚጨልም ከሆነ ግን ጥያቄው የፕሮግራም ሳይሆን የኤሌክትሪክ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀውም ከኬዙ ጀርባ የተቀመጠው፣ ገመድ የሚሰካበትና ማራገቢያ ያለው የብረት ሳጥን ነው፦ ፓወር ሳፕላይ።

ማዘርቦርዱና ሃርድ ዲስኩ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት በቀጥታ ቢያገኙት ወዲያው ይቃጠላሉ። የሚፈልጉት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዲሲ ነው። ሳጥኑ 220ውን ኤሲ ተቀብሎ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ያቃናዋል፤ በዚህ ደረጃ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይደርሳል። ከዚያ ያንን ኃይል በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያወርደዋል። በዚህ ዘዴ ባይሠራ ኖሮ ትራንስፎርመሩ ብቻውን ብዙ ኪሎ የሚመዝን ብረት በሆነ ነበር። በኮምፒውተር ታሪክ ለዚህ አሠራር በአርአያነት የሚጠቀሰው ሮድ ሆልት የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው አፕል 2 የሠራው ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የመጣው የአይቢኤም ፒሲ ፓወር ሳፕላይ አቅሙ 63.5 ዋት ብቻ ነበር። ዛሬ ለተራ የቢሮ ኮምፒውተር 300 ዋት የተለመደ ነው።

አሁን በብዛት የሚገኘው ቅርጽና የሽቦ ቀለም ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ካወጣው ኤቲኤክስ ከተባለው መመዘኛ የመጣ ነው። ቢጫ 12 ቮልት፣ ቀይ 5፣ ብርቱካናማ 3.3፣ ጥቁር መመለሻ ነው። ሐምራዊው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንኳ ስፒናው እስካልተነቀለ ድረስ 5 ቮልት ይዞ ይጠብቃል። የመክፈቻው ቁልፍ ሲጫን ማዘርቦርዱ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ያገናኝና ሳጥኑ ይነሣል፤ ቮልቶቹ ሲረጋጉ ደግሞ በግራጫው ሽቦ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ይልካል። ይህ ምልክት በተቋረጠ ቁጥር ማዘርቦርዱ ሥራውን እዚያው ያቆማል። ድንገተኛ መጥፋት የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ታዲያ ምልክቱ ለምን ይቋረጣል?

በሳጥኑ ውስጥ ትልቅ ካፓሲተር አለ። ምንጭ በሚቆራረጥበት ሰፈር ውኃ እንደሚያጠራቅም ጋን፣ መስመሩ ለቅጽበት ሲጓደል ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ካጠራቀመው ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መመዘኛ ሳጥኑ ሙሉ ጭነት ላይ እያለ መብራት ቢቋረጥ ቢያንስ 16 ሚሊሰከንድ እንዲያቆይ ያዛል። በአገራችን የመብራት ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳልና አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ መመዘኛው ከሳጥኑ የሚጠይቀው ከአንድ ዙር ያነሰ ነው። ካፓሲተሩ ሲደርቅ ይህችም ትሳሳለች። በሰው ዓይን የማትታይ የመብራት ጥቅሻ ያንን አንድ ኮምፒውተር ታጠፋዋለች፣ በዚያው ዲቫይደር ላይ ያለው ሌላው ግን አይነካም። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አንድ ዲቫይደር ላይ አድርጎ መጠበቅ። ሁለቱም አብረው ከጠፉ ጥፋቱ የመስመሩ ወይም የዲቫይደሩ ነው። አንዱ ብቻ በተደጋጋሚ ከጠፋ ከኬዙ ውስጥ ይፈለግ።

ካፓሲተር የሚያረጀው በሙቀት ነው። በሙያው የታወቀው ስሌት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። በ85 ዲግሪ 2000 ሰዓት እንዲሠራ የተመረተ ርካሽ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ሲሠራ ወደ 8000 ሰዓት ይቆያል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ቢሮ 1000 የሥራ ቀን መሆኑ ነው። በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት የተባለለት ግን በዚያው ቦታ 32,000 ሰዓት ይደርሳል። የሁለቱ የመግዣ ዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው። አምራቾች ያችን ልዩነት ሲቆጥቡ ኪሳራው የሚወድቀው ገዥው ላይ ነው። ካፓሲተር አንድን ትልቅ ኩባንያ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዴል ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2003 እስከ ሐምሌ 2005 ድረስ ጉዳት ያሰጋቸውን ካፓሲተሮች የያዙ ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ከኩባንያው መውጣታቸው ኋላ ይፋ በሆኑ የፍርድ ቤት ሰነዶች ተገልጿል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ለጥገናው 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። በዚያ ታሪክ የተበላሹት የማዘርቦርዱ ካፓሲተሮች ናቸው። ምልክታቸው ግን በፓወር ሳፕላይ ውስጥ ካሉት አይለይም፤ አናታቸው ያብጣል፣ አንዳንዴም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣሉ። ስለዚህ ኬዙ ሲከፈት ማዘርቦርዱንም በዓይን መቃኘት ነው።

ሰቆጣና ጋዝጊብላ ወዳሉበት ወደ ዋግ ኽምራ ስንመጣ ሁለት ነገር ይጨመራል፤ ከፍታና የመስመሩ ጠባይ።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2266 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙም ዝቅ ይላል። በብዙ የቻይና ሥሪት ሳጥኖችና ቻርጀሮች ላይ ከተራራ ምስል ጋር 2000 ሜትር የሚል ትንሽ ምልክት የሚታየው ለዚህ ነው፤ በውስጡ ያሉ ክፍሎች ርቀት የተሰላው እስከዚያ ከፍታ ድረስ ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ብዙው ይሠራል። ነገር ግን ለስህተት የተተወው ትርፍ ጠቧል፤ በላዩ ላይ የአቧራ ንጣፍ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። የደጋው ቀዝቃዛ አየር የሙቀቱን ጉዳት ያካክሳል። በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ፣ ከተከዜ ወዲህ ባለው ሙቀት ግን ይህ ማካካሻ የለም።

የዋግ ቆላዎች የተከዜ ግድብ ውኃ የተኛባቸው ናቸው። 188 ሜትር ቁመት ያለውና ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለግድብ ቅርብ መሆን ግን የተረጋጋ መብራት ማግኘት ማለት እንዳልሆነ የዋግ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ከደረሰ በኋላ ከተማዋና አካባቢዋ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። እንዲህ ለረጅም ጊዜ ሳይሰካ የቆየ ኮምፒውተር ሲነሣ ቀንና ዓመቱን ረስቶ ይገኛል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መጠን ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስላለቀች ነው። ይህ የፓወር ሳፕላይ ብልሽት አይደለም፤ በባትሪዋ ዋጋ የሚያልቅን ነገር በሳጥን ዋጋ መፍታት አያስፈልግም።

ከመብራት መሄድ ይልቅ ሳጥኑን የሚገድለው የመብራት መምጣት ነው። መስመሩ ሲመለስ ቮልቱ ለጥቂት ጊዜ ይዋዥቃል፤ ስፒናውን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ከብዙ ወጪ ያድናል። የባሰው የኒውትራል ሽቦ መላላት ነው። ያኔ ለአንድ ቤት የሚደርሰው ቮልት ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ በሌላው ቤት ደግሞ አምፖሉ ይደክማል። አንዱ አምፖል ሲፈዝ ሌላው ከልክ በላይ ከደመቀ ኮምፒውተሩን ወዲያው ነቅሎ ለመብራት ኃይል ሰዎች መንገር ነው። ሌላው ተጠርጣሪ ርካሹ ዩፒኤስ ነው። ወደ ባትሪ ሲቀይር የሚያወጣው የደረጃ ቅርጽ ያለው ሞገድ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሳፕላዮችን ያስደነግጣቸዋል፤ ያድናል የተባለው ዕቃ ራሱ ያጠፋቸዋል።

ወደ ምርመራው እንመለስ። ዊንዶውስ ድንገት ከጠፋ በኋላ ሲነሣ በኢቨንት ቪውወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ይጽፋል። ብዙዎች ይህን አይተው የፓወር ሳፕላይ ፍርድ አድርገው ይወስዱታል። መዝገቡ የሚለው ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት አልተዘጋም ብቻ ነው። ከበራ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚጠፋ፣ ወዲያው ሲያበሩት ደግሞ ከቀድሞው ፈጥኖ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ይጠረጠር፤ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ አልበርድ ካላቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የማራገቢያውን አቧራ በብሩሽ ማራገፍና የደረቀውን ቴርማል ፔስት መለወጥ ያኔ በቂ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮ ወይም ከባድ ፕሮግራም በተከፈተ ቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ ግን ሳጥኑ ጭነት መሸከም አቅቶታል።

መልቲሜትር ያለው ሰው ኮምፒውተሩ እየሠራ ይለካ። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ የ5ቱ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ከዚህ ውጭ ከሆነ ፍርዱ አለቀ። በዚህ ውስጥ ከሆነ ግን ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ መልቲሜትር አማካዩን እንጂ በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚወጣ የሚወርደውን መንቀጥቀጥ አያሳይም። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኝቶ ማስነሣትም በየጥገና ቤቱ የተለመደ ነው፤ የሚያሳየው ግን ሳጥኑ መነሣቱን ብቻ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ደህንነቱ የታወቀ ሌላ ፓወር ሳፕላይ ቀይሮ ማየት ነው።

መለወጡ ከባድ አይደለም፤ አንድ ካቻቢቴና ጥንቃቄ ይበቃዋል። ስፒናው ይነቀልና የመክፈቻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይቆይ። ገመዶቹ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ ይነሡ። ከኬዙ ጀርባ ያሉት አራት ብሎኖች ሲፈቱ ሳጥኑ ይወጣል። አዲሱ ገብቶ ባለ 24 እግሩ ሶኬት ማዘርቦርዱ ላይ፣ ባለ 4 ወይም ባለ 8ቱ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ይሰካል፤ በግድ የሚገባ ሶኬት የዚያ ቦታ አይደለምና አይገፋ። ገመዱ ከሳጥኑ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ የአሮጌውን ገመድ ለአዲሱ አለመጠቀም ነው፤ ጫፋቸው ቢመሳሰልም የውስጥ አደራደራቸው ከኩባንያ ኩባንያ ይለያል፣ ሃርድ ዲስክም ያቃጥላል። ሳጥኑን ራሱን መክፈት ግን ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይተው። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚገድል ኃይል ሊቆይ ይችላል።

ግዢ ላይ በጉልህ የተጻፈው ዋት አያታልል። «500 ዋት» ተብሎ ከጎኑ ባለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱ መስመር 16 አምፔር ከሆነ በዚያ መስመር የሚሰጠው 192 ዋት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ በብዛት የሚበላው ከ12ቱ ነው። ቀጥሎ የሚነበበው የመግቢያ ቮልት ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ሳጥን መብራቱ ሲደክም ይታገሣል፤ ከ200 እስከ 240 የሚለው ግን ቶሎ እጅ ይሰጣል። ለደጋው ወረዳ መስመር ጥቂት ብር ተጨምሮበትም ቢሆን የመጀመሪያው ይመረጣል። ከአሜሪካ በመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለ ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ፤ 115 ላይ ሆኖ የተሰካ ሳጥን በአንድ ጩኸት ያበቃል።

አንድ ነገር በተለይ ለመሥሪያ ቤቶች። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ና መሰሎቹ ዋና ሶኬት ባለ 24 ሳይሆን ባለ 8 እግር ነው፤ እንደ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ያሉት ደግሞ ባለ 6 ናቸው። ከገበያ የተገዛ ተራ ሳጥን አይገጥማቸውም። ከሰቆጣ ወልድያ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ሊገዛ ያሰበ ሰው የተበላሸውን ፓወር ሳፕላይ ፈትቶ ይዞት ይሂድ፤ ካልቻለ የጎኑን ሠንጠረዥና የሶኬቶቹን ጫፍ ፎቶ አንሥቶ ለሻጩ ያሳይ።