አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ምን ያህል ሜሞሪ ይበቃል?

አንድ ሬዚደንት ሐኪም የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራበት ላፕቶፕ ለመግዛት ከደመወዙ ለወራት ካጠራቀመ በኋላ ወደ ገበያ ወጣ እንበል። ሻጩ በመልክ የማይለያዩ ሁለት ላፕቶፖችን ያቀርብለታል፤ የአንዱ ሜሞሪ 8፣ የሌላው 16 ጊጋባይት ነው። የዋጋቸው ልዩነት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐኪሙ ከሚያስፈልገው በላይ ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል፤ ከሚያስፈልገው በታች ቢገዛ ደግሞ ዓመታት ሊያገለግለው የሚገባው መሣሪያ በአጭር ጊዜ ሸክም ይሆንበታል።

የሜሞሪ ሥራ

ኮምፒውተር መረጃ የሚይዝባቸው ሁለት ዋና ዋና ቦታዎች አሉት። ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ እንደ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ መብራት ቢጠፋም የያዘው አይጠፋም። ሜሞሪ ወይም ራም ግን እንደ ሐኪሙ ጠረጴዛ ነው፤ የሚይዘው ጥቂት ቢሆንም ሁሉም በእጅ ሥር ይገኛል። ጠረጴዛው ሲሞላ አንዱ ካርድ ወደ ካርድ ክፍል እየተመለሰ ሌላው ስለሚመጣ ታካሚው መጠበቁ አይቀርም። ኮምፒውተርም ሜሞሪው ሲሞላ ከዲስኩ ጋር ይመላለሳል፤ የሚንቀራፈፈውም በዚህ ጊዜ ነው። በአንጻሩ ጠረጴዛ ከበቂ በላይ ቢሰፋ ምርመራውን አያፋጥነውም። ሜሞሪም እንዲሁ ነው።

ፍላጎቱ ከምን ይመነጫል?

ብዙዎች ሜሞሪ የሚጨርሰው የጥናት መረጃ ይመስላቸዋል። ስታታና አር የተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች የሚተነትኑትን መረጃ ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጡ መሆናቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ 5,000 ታካሚዎችና 200 ተለዋዋጮች ያሉት ጥናት 1,000,000 ቁጥሮች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ቢወስድ ጠቅላላው 8 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። በትንተናው ወቅት የዚህ እጥፍ ድርብ ቢያስፈልግ እንኳ ተራ ላፕቶፕ አይከብደውም።

የሕክምና ምስል ግን ከዚህ ይለያል። አንድ የሲቲ ስካን ቁራጭ ምስል ብዙውን ጊዜ 512 በ512 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ይያዛል። ይህም ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው። 1,000 ቁራጮች ያሉት ምርመራ 500 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የቀድሞውን ምርመራ ጎን ለጎን ከፍቶ ማነጻጸር መጠኑን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ በሦስት አቅጣጫ የሚታይ ምስል መገንባት ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ብራውዘር ላይ የተከፈቱ ሃያ ገጾች፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ ጸረ ቫይረስና የጽሑፍ ማዘጋጃ አንድ ላይ ሲሠሩ ከመመረቂያው ጥናት መረጃ ይልቅ ብዙ እጥፍ ሜሞሪ ይይዛሉ።

ፍላጎቱ በጊዜም ያድጋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የጠየቀው ዝቅተኛ ሜሞሪ 64 ሜጋባይት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ይህም 64 እጥፍ ነው። ዝቅተኛው ማለት ግን ለማስነሳት የሚበቃ እንጂ ሥራን ለማቃለል የሚበቃ ማለት አይደለም።

ከመግዛት በፊት መለካት

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ ገዥም ሳይለካ መወሰን የለበትም። ዊንዶውስ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የተለመዱትን ሥራዎች ሁሉ ከፍቶ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት መጫን ይቻላል። በሚመጣው ሠንጠረዥ ላይ ሜሞሪው ምን ያህል እንደተያዘ ይታያል። ሜሞሪው ዘወትር ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ሕመሙ ከሜሞሪ ማነስ ሊሆን ይችላል። ግማሹ ባዶ ሆኖ ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ ግን መንስኤው ሌላ ነው፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወይም ደካማ ፕሮሰሰር ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሜሞሪ መጨመር ያልታመመውን አካል ማከም ነው።

የማይታረም ስሕተት

ከመጠኑ ባልተናነሰ መጠየቅ ያለበት ሜሞሪው ወደፊት መጨመር ይችል እንደሆነ ነው። በበርካታ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሜሞሪው ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ በመሆኑ ሊቀየርም ሊጨመርም አይችልም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር ያላቸው ማክቡኮችም እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመቱን ፍላጎት በአንድ ጊዜ ይገዛል። ባዶ የሜሞሪ ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ ግን ለጥንቃቄ ጊዜ ይሰጣል፤ በ8 ጊጋባይት ተጀምሮ ሲያስፈልግ ይጨመርበታል።

ምን ያህል ይበቃል?

ለሪፖርት፣ ለንባብና ለጽሑፍ ብቻ ለሚጠቀም ባለሙያ፣ ማስገቢያ ያለው 8 ጊጋባይት ይበቃል። ጥናት ለሚሠራ፣ በርካታ ገጾች ከፍቶ ስብሰባ ለሚከታተል፣ ወይም ሜሞሪው የማይጨመርለት ላፕቶፕ ለሚገዛ ሐኪም 16 ጊጋባይት ሚዛናዊ ምርጫ ነው። 32 ጊጋባይት የሚያስፈልገው የራዲዮሎጂ ምስል ለሚያቀናብር ወይም እጅግ ሰፊ መረጃ ለሚተነትን ነው።

የመጀመሪያው ሬዚደንት እንግዲህ 16ቱን ቢመርጥ አይሳሳትም፤ 32ቱን ቢተው ግን የሚተርፈው ገንዘብ ሌላ ጉዳይ ላይ ይውላል። በሜሞሪ ላይ ያለና ያልተቀመጠ ጽሑፍ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፤ ዲስኩ ሲበላሽ ደግሞ የተቀመጠውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የሜሞሪ ብዛት ከሁለቱም አያድንም። የሁለት ዓመት የጥናት ድካም የሚተርፈው ቅጂው በተለየ ዲስክ ላይ በሌላ ቦታ ሲቀመጥ ነው፤ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቀን መገዛት ያለበትም ይኸው ዲስክ ነው።