ጠርሙሱና እንቅርቱ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ሻንጣውን ሲከፍት የጎረቤት ሴቶችን ዓይን የሳበው ካፖርቱም ጫማውም አልነበረም፤ 120 እንክብል የያዘ አንድ ነጭ ጠርሙስ ነበር። «ለሆርሞን ነው ብሎኛል» አለችኝ አክስቴ፣ ቡሬ ዙሪያ ካለው ቤቷ ደጃፍ ተቀምጠን በርበሬ ስንቀነጥስ። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፤ ልቧ ድው ድው ይላል፤ የወር አበባዋ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል። ዕድሜዋ ሃምሳን ይዟል። ልጇ ይህን በስልክ ሰምቶ ነው ማግኒዥየም ይዞላት የመጣው።

ጠርሙሱን አገላብጬ ቀና ስል ዓይኔ አንገቷ ላይ አረፈ። ከድሮ ንቅሳቷ ሥር፣ ስትውጥ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሎሚ የሚያህል እንቅርት አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እንቅርት ነው፤ ከመልመዴ ብዛት ግን አይቼው አላውቅም ነበር። እንቅርት ያበጠ የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ የታይሮይድም ሥራው ሆርሞን ማምረት ነው። ግማሽ ቀን ስለ ሆርሞን ስናወራ ሆርሞን የሚሠራው ዕጢ ፊታችን አብጦ ተቀምጧል፤ ስሙን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ስለ ማግኒዥየም የሚጠይቁኝ ሴቶች ብዙ ናቸው። ገሚሱ ከቲክቶክ የሰማው ነው፣ ገሚሱ ከውጭ ዘመድ። እነሱ እንዳሉት አስቀምጬ የማውቀውን ልመልስ።

«ማግኒዥየም ሆርሞን ያስተካክላል»

ሆርሞን የአንድ ነገር ስም አይደለም። የወር አበባን የሚመሩት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን፣ የታይሮይድ ሆርሞኖች፣ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ፤ የሚዛቡበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው። «ሆርሞን ያስተካክላል» የተባለ ክኒን «ዕቃ እጠግናለሁ» እንደሚል ሰው ነው፤ ሬዲዮ ይሁን ወፍጮ አይነግራችሁም።

ማግኒዥየም ራሱ ሐሰት አይደለም። በሰውነታችን ከ300 በላይ ኢንዛይሞች ያለ እሱ ሥራቸውን አይሠሩም። የአዋቂ ሰው አካል 25 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ከግማሽ በላዩ አጥንት ውስጥ ነው፣ ደም ውስጥ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከዚህ ተነሥቶ «ብዙ ሲወሰድ ብዙ ይጠቅማል» ማለት ግን ጨው ወጥ ያጣፍጣልና አንድ ኩባያ ጨምሩበት እንደማለት ነው። የወር አበባ ቁርጠትን ሊያስታግስ እንደሚችል የጠቆሙ ጥናቶች አሉ። ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ስንት ሚሊ ግራም፣ ለስንት ቀን የሚለው ገና አልጠራም። ከወር አበባ በፊት ስለሚመጣው ብስጭትና የሰውነት መነፋትም ውጤታቸው አልተስማማም።

ለአክስቴ ዓይነቱ ላብ ግን ከዚህ የጠራ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሰውነት መጋል ያስቸገራቸውን ከ200 በላይ ሴቶች ይዞ፣ ለገሚሶቹ ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ ለሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጥቶ አወዳደረ። በመጋሉ ላይ ልዩነት አልተገኘም። ማግኒዥየም የወሰዱት የተረፋቸው ተቅማጥ ነው።

«የእኛ ምግብ ማዕድን የለውም»

ይሄኛው ያናድደኛል። አንዲት አዋቂ ሴት በቀን ከ310 እስከ 320 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም ይበቃታል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ገደማ ይይዛል። ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ኑጉ፣ ሰሊጡ፣ ተልባው፣ ሁሉም የማግኒዥየም ጎተራ ነው። አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ 30 ግራም የተላጠ የዱባ ፍሬ ብቻውን 150 ሚሊ ግራም ያህል አለው። ሁዳዴን ሙሉ የሚበላው ሽሮ፣ ተልባና ጎመን ማለት ነው። እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል፣ ማዕድንን ጠፍሮ የሚይዝ ነገር መኖሩ እውነት ነው፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ግን ይቀንሳል።

«አፈሩ ኮምጥጧል ይባል የለ? ታዲያ እህሉ ከየት ያመጣል?» ያለችኝ አንዲት መምህርት ነበረች። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር የዘመናት ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን ስላጠበው አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው። ነገር ግን ማግኒዥየም ለተክሉም ነፍሱ ነው፤ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል እምብርቱ ማግኒዥየም ነው። ያጣው ሰብል ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ምርቱ ይወርዳል፤ ገበሬው ከሰው በፊት ማሳው ላይ ያየዋል። አዮዲን እንደዚያ አይደለም። ተክል ያለ አዮዲን መኖር ይችላል። አፈሩ ባዶ ቢሆንም በቆሎው አምሮ ያፈራል፤ ጉድለቱ የሚወጣው በበላው ሰው አንገት ላይ ነው።

«መርፌው ያስቀረውን የወር አበባ ይመልሳል»

በየ3 ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ በአገራችን ሴቶች በብዛት የሚመርጡት ዘዴ ነው። ዓመት ያህል ሲወሰድ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የወር አበባ ማየት ያቆማሉ። «ደሙ ማሕፀኔ ውስጥ ተጠራቀመ» ብለው እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። አይጠራቀምም፤ መርፌው የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈስ ነገር አይኖርም። ማግኒዥየም ይህን አይለውጠውም። መርፌው ሲቆም በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ አንዳንዷ ላይ ብዙ ወራት ይፈጃል። መርፌ ሳትወስድ የቀረባት ሴት ደግሞ አስቀድማ የምትመረመረው እርግዝና ነው።

«ነፍሰ ጡር ማግኒዥየም ብትውጥ ደም ግፊት አይዛትም»

ይህ እምነት ከእውነት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ለመንቀል ያስቸግራል። ማግኒዥየም ሴቶችን ከሞት እንደሚያድን የተረጋገጠበት ቦታ አለና፤ እሱም ማዋለጃ ክፍል ነው። በእርግዝና ወቅት ግፊቷ የጨመረ ሴት ድንገት ልትወድቅና ልትንዘፈዘፍ ትችላለች። ያኔ የሚሰጣት በመርፌ የሚገባ ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ሌሎቹን ማስታገሻዎች እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ታወቀ። በ2002 ደግሞ 33 አገሮች የተሳተፉበት፣ ከ10,000 በላይ ሴቶችን የያዘ ማግፓይ የተባለ ጥናት ገና ያልተንዘፈዘፈችውንም እንደሚጠብቅ አሳየ፤ መንዘፍዘፉ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ግን መጠኑን ተመልከቱ። በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም በሁለቱ መቀመጫዎች ይገባል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሚቆጠረው በሚሊ ግራም ነው። አዋላጇ መርፌውን ወግታ አትሄድም፤ የሕመምተኛዋን የጉልበት ምላሽ በመዶሻ ትፈትሻለች፣ ትንፋሿን ትቆጥራለች፣ ሽንቷን ትለካለች። ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማልና ማርከሻው፣ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ አጠገቧ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ቤት ውስጥ የሚዋጥ ክኒን ግፊቱን አስቀድሞ እንደሚከላከል ግን አጥጋቢ ማስረጃ የለም። ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም አነስተኛ በሆነበት አገር ላሉ ነፍሰ ጡሮች የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ማግኒዥየምን ሳይሆን ካልሲየምን ነው።

በገጠር የነፍሰ ጡር መንዘፍዘፍ ልክፍት ነው፣ የሚጥል በሽታ ነው ሲባል ሰዓቱ ያልፋል። ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ሲታይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መደወልና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መሄድ ነው። ጠበሉ ከሐኪሙ በኋላም አይሸሽም።

«እንቅርት የውሃ ነገር ነው»

ሽማግሌዎች እንዲህ ሲሉ የሚስቅ ባለሙያ አይቻለሁ። ባይስቅ ይሻል ነበር፤ ግማሹ ልክ ነው። አዮዲን በውሃ ይሟሟል። ደጋውን የሚያጥበው ዝናብ ከአፈሩ ጠርጎ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ባሕር ወስዶታል፤ ስለዚህ የምንጩም ውሃ የማሳውም እህል ድሃ ነው። ማግኒዥየሙን ያጠበው ዝናብ ራሱ ነው፤ ልዩነቱ አዮዲኑ ያለ ጨው አለመተካቱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በዚሁ በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በወምበርማ ወረዳዎች ልጆችንና እናቶቻቸውን መርምሮ የአዮዲን እጥረት ከባድ የጤና ችግር መሆኑን አሳይቷል። የአንገቱ እብጠት የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ዕጢው የሚያብጠው ጥቂቷን አዮዲን አሟጥጦ ለመጠቀም ሲታገል ነው፤ ሲያቅተው ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የወር አበባ መዛባት፣ ውርጃ፣ አእምሮው ያልጎለበተ ሕፃን ይከተላሉ። የጎጃምን ሴቶች ሆርሞን የሚነካ ማዕድን ፈልጉ ብባል ከማንም በፊት የምጠራው ይህን ነው።

ዋጋውም የጠርሙሱን ያህል አይደለም። ለአንዲት ሴት በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ይበቃል፤ በሕይወት ዘመን ቢደመር አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ገደማ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 ደረሰ። ትልቅ ለውጥ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩን ነው፤ ስንቱ ወጥ ውስጥ እንደሚደርስ የሚወሰነው ጓዳ ውስጥ ነው።

ጓዳችን ደግሞ ለአዮዲን አይመችም። ሻካራውን ጨው አፈር አለው ብለን እናጥበዋለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ ሥር እናስቀምጠዋለን። አዮዲን እርጥበት፣ ፀሐይና ሙቀት አይወድም። የታሸገውን ጨው ሳያጥቡ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከእሳት አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጥ ላይም ሊወጣ ሲል ማከል ነው መፍትሔው። ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚለውም የሚያሠጋው አዮዲን ላነሳት እንጂ ላላነሳት አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እብጠቱ ያረጀና ጓል ጓል የሠራ ከሆነ፣ በተለይ በዕድሜ ለገፉ ሴቶች፣ አዮዲን በድንገት ሲበዛ ዕጢው ልጓሙን በጥሶ ከመጠን በላይ ሆርሞን ሊያመርት ይችላል። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የወር አበባ ይዛባል። የአክስቴን ቅሬታ አስታውሱ። ማረጥ ይሁን ታይሮይድ በመልክ አይለይም፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

«ማዕድን ስለሆነ ቢበዛ አይጎዳም»

ከምግብ የሚመጣው ጤነኛ ኩላሊት ያላትን ሴት አይጎዳም። ከክኒን የሚመጣውን ግን አሜሪካኖች በቀን ከ350፣ አውሮፓውያን ከ250 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላሉ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ያሳስታል፤ 500 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም ኦክሳይድ ውስጥ ያለው ንጹሕ ማግኒዥየም 300 ገደማ ነው፣ በማግኒዥየም ግላይሲኔት ውስጥ ያለው ከዚያ እጅግ ያንሳል። ኩላሊቷ የደከመ ሴት ያለ ሐኪም ልትነካው አይገባም። ዶክሲሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀራቸዋል፤ የታይሮይድ ክኒን የምትወስድም ቢያንስ 4 ሰዓት ማራራቅ አለባት። ሳታራርቅ ከቀረች የእንቅርቷ መድኃኒት ሥራ ፈቶ ተቅማጥ ይጨመርላታል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይደርሳል። አሜሪካ የተሸጠ ሁሉ የተፈተነ የሚመስላቸውም አሉ። በዚያው አገር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ እንዲህ ያለ ክኒን ለገበያ ለመውጣት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም።

አክስቴን ፍኖተ ሰላም ድረስ ወስጄ ደሟን አስመረመርኳት። እኔ ታይሮይዷ ነው ብዬ ጨርሼ ነበር፤ ውጤቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ላቡም የልቡም መምታት የማረጥ ነው፤ እንቅርቱ አርጅቶ የቆመ፣ እያዩ የሚተዉት ዓይነት ነው። ልጇ ሲደውል ነገረችው፣ አልተከፋም።

የጨው ዕቃዋን ግን ከምድጃው አነሣችው፤ ለራሷ ብላ አይደለም፣ የምራቷ ሆድ ገፍቷል። «ጠርሙሱንስ ምን ላድርገው ልጄ? ገንዘብ ወጥቶበታል» አለችኝ። ኩላሊቷም ታይቶ ደህና ስለነበር የነገርኳት፣ በክኒን የሚዋጥ ማግኒዥየም ያለ ጥርጥር የሚሠራው አንድ ነገር ሆድ ማለስለስ ነው። ሳቀች። ሁዳዴ ሲገባ ሆዷ የሚደርቅባት ሴት ናት፤ አሁን በሳምንት አንዷን ትውጣለች፣ ጎረቤቶቿም ለሆርሞኗ መስሏቸው ይጠይቋታል።