ችግኝ የሚያጠነክረው ሰማያዊ ብርሃን ከአምፖልም ከሰማይም ይገኛል

በአቃቂ በሰቃ አካባቢ መረሬው መሬት የሚወደው ጤፍን፣ ስንዴን፣ ሽምብራንና ምስርን ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት በመስኖ ይመረታል። ይሁን እንጂ ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርድ በመሆኑ፣ በዚህ ውሃ የሚለማ ቅጠላ ቅጠል ጎጂ ብረታ ብረት ሊይዝ እንደሚችል የተደረጉት ጥናቶች አመልክተዋል። ስለዚህ አትክልትን በቤት ውስጥ፣ በንጹሕ ውሃና በአምፖል ብርሃን ማልማት የሚለው ሐሳብ እንዲህ ባለ ቦታ ሰሚ ቢያገኝ አያስገርምም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ግን የማኅበሩን ገንዘብ ለዚህ ሥራ ከማዋላቸው በፊት የብርሃኑን ጠባይ ማወቅ ይኖርባቸዋል።

የፀሐይ ብርሃን ነጭ መስሎ ቢታይም የቀስተ ደመና ቀለማት ድምር ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተክል ምግቡን ለማዘጋጀት አብልጦ የሚጠቀመው ቀዩንና ሰማያዊውን ነው። ሰማያዊው ከዚህ ሌላ የትእዛዝ ሥራ አለው። ይኸውም ተክሉ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ ግንዱ ከመመዘዝ ይገታል፣ ቅጠሉ ይወፍራል፣ በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ተከፍተው አየር ያስገባሉ። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ችግኝ ወደ ውጭ የሚያዘነብለው ይህንኑ ሰማያዊ ብርሃን ተከትሎ ነው።

ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ለአገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በተደረጉት ሙከራዎች በቀይ አምፖል ብቻ የበቀለ ሰላጣ አንገቱ ቀጥኖ ሲመዘዝ፣ ከብርሃኑ አንድ አሥረኛ ያህሉ ሰማያዊ ሲሆን ተስተካክሎ እንደሚያድግ ታውቋል። ሰማያዊው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቅጠሉ ያንሳል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ተራው ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ራሱ በውስጡ ያለው ብርሃን ሰጪ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው በላዩ የተቀባው ቢጫ ቅብ ነው። እንግዲህ ለሰማያዊው ብርሃን ሲባል ብቻ ውድ ሐምራዊ አምፖል መግዛት አያስፈልግም ማለት ነው።

ወጪውን እናስላ። ለአንድ ካሬ ሜትር የሰላጣ መደብ 150 ዋት አምፖል በቀን 16 ሰዓት ቢበራ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይበላል። በወር 72 ይደርሳል። መደቡ 100 ካሬ ሜትር ከሆነ በቀን 240 ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ሄክታር ጤፍ በአምፖል ላብቅል የሚል ቢኖር በየቀኑ 24,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ጤፉን ወርቅ በሚመዝኑበት ሚዛን መሸጥ ሊኖርበት ነው። የአምፖል እርሻ የሚያዛልቀው ምናልባት በጥቂት ቦታ ለሚፈላ ችግኝና ከፍተኛ ዋጋ ለሚያወጣ ቅጠላ ቅጠል ነው።

ፀሐይ ግን ያለ ክፍያ ትሰጣለች። ተክል ከሚጠቀምበት የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሩብ ያህሉ ሰማያዊ ነው። የቤት ጥላና የዛፍ ጥላ አንድ እንዳልሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ፊቱ ለሰማይ በተከፈተ የቤት ጥላ ሥር የሚደርሰው የሰማዩ ብርሃን ስለሆነ ሰማያዊው ይበዛበታል። በባሕር ዛፍ ሥር ግን ቅጠሉ ቀዩንም ሰማያዊውንም አስቀድሞ ስለሚወስደው ለችግኙ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። በዛፍ ሥር የተደበ የጎመንና የሽንኩርት ችግኝ ገርጥቶና ቀጥኖ የሚመዘዘው፣ ሲዛወርም የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የችግኝ መደብ ከዛፍ መራቅ አለበት። በመደቡ ላይ የሚሠራው የሣር ዳስም ዘሩ ከበቀለ በኋላ በየጊዜው እየሳሳ ሄዶ፣ ችግኙ ከመዛወሩ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን በፊት ጨርሶ መነሣት ይገባዋል።

ብርሃን ያለ አምፖል ምን እንደሚሠራ በጉልህ የሚያሳየው የድንች ዘር ማከማቻ ነው። መቀመጫውን በሊማ፣ ፔሩ ያደረገው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ያስፋፋውን ይህን ዘዴ በአገራችን የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለገበሬው ሲያስተዋውቀው ቆይቷል። በጨለማ ቤት ወይም በጆንያ የተከመረ ዘር ነጭና ረጅም ጉንቁል ያወጣል፤ ጉንቁሉም ሲተከል እየተሰበረ ይቀራል። የተበተነ ብርሃን በሚያገኝ ማከማቻ የተቀመጠው ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል አውጥቶ ለወራት ይቆያል።

ማከማቻው ከአካባቢ እንጨት ይሠራል። ጣራው ሣር፣ ጎኑ አየርና ብርሃን የሚያስገባ ርብራብ፣ ውስጡ በደረጃ የተሠራ ቆጥ ሲሆን፣ ድንቹ በየቆጡ ላይ ከሁለትና ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ ይሰጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳያገኘው ጣራው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይከደናል። በአቃቂ በሰቃ ውሃ በማይቋጥር መሬታቸው ላይ ድንች የሚተክሉ አባሎች ያሉት ማኅበር አንድ የጋራ ማከማቻ ቢሠራ የሚያወጣው ጉልበቱንና ጥቂት ሚስማር ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት የተቀመጠ ድንች አረንጓዴ ስለሚሆንና መራራ መርዝ ስለሚያበጅ ለዘር እንጂ ለምግብ አይውልም፤ የማኅበሩ መሪዎች ከማከማቻው ወጥቶ ወደ ገበያ እንዳይሄድ መቆጣጠር አለባቸው።