ማኅበራዊ ሁኔታዎች፣ የምግብ ዋስትና እጦትና የኅብረተሰብ ጤና

መግቢያ

በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሕክምናውን ጨርሶ፣ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ 12.5 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ከተሰናበተ በኋላ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ በዚያው ሁኔታ ተመልሶ መምጣቱ ለብዙ የጤና ባለሙያዎች እንግዳ ነገር አይደለም። የተሰጠው ሕክምና ትክክለኛ ነበር፤ ሕፃኑ የተመለሰበት ቤት ግን አልተለወጠም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ማኅበራዊ ሁኔታዎች የምግብ ዋስትናን እንዴት እንደሚወስኑ፣ ይህም በጤና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳትና የጤና ባለሙያውን ድርሻ ማብራራት ነው።

የምግብ መኖርና ምግብ ማግኘት

እ.ኤ.አ. በ1996 በሮም በተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ ትርጓሜ መሠረት የምግብ ዋስትና አለ የሚባለው ሰዎች ሁሉ በማንኛውም ጊዜ ለጤናማ ሕይወት የሚያስፈልጋቸውን በቂና ገንቢ ምግብ ማግኘት ሲችሉ ነው። በመሆኑም ጽንሰ ሐሳቡ አራት ገጽታዎች አሉት፤ እነዚህም የምግቡ መኖር፣ ምግቡን የማግኘት አቅም፣ ሰውነት ምግቡን በአግባቡ መጠቀሙና የእነዚህ ሁሉ ዘላቂነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መለየት ወሳኝ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 በወሎ በደረሰው ረሀብ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት እጅግ አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ የረሀቡን ክብደት ያህል አልናረም። ማሳው ያልሰጠው ገበሬ የሚሸምትበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ እህሉ ሊገዛ ወደሚችልበት ስፍራ እንጂ ወደ ተራበው አልሄደም። የአፋር አርብቶ አደሮች ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ የነበራቸውን የበጋ ግጦሽ ለንግድ እርሻ ከማጣታቸው በላይ፣ የከብት ዋጋ ከእህል ዋጋ አንጻር ሲወድቅ የሚሸምቱት መጠን በእጅጉ ቀነሰ። ድርቁ መነሻ ሆነ እንጂ ማን እንደሚራብ የወሰኑት የመሬት፣ የገበያና የገቢ ሁኔታዎች ነበሩ።

በጎተራና በሕፃኑ መካከል ያለው ርቀት

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 38 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ይህ አሐዝ እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ ነበርና መሻሻሉ አይካድም። ሆኖም በ2016ቱ ጥናት ከፍተኛው መጠን፣ 46 በመቶ፣ የተመዘገበው በአማራ ክልል ሲሆን፣ ክልሉ እንደ ጎጃም ያሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎችን ይዟል። በአንጻሩ እህል የማታመርተው አዲስ አበባ 15 በመቶ ላይ ነበረች። በክልል ደረጃ የሚታየው የምርት ብዛት ብቻውን የሕፃናትን እድገት እንደማያረጋግጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንድ ቀበሌ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ቤተሰብ እኩል አይደለም። በሬ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ከፊሉን ብቻ ታገኛለች። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ደመወዙ ሳይጨምር የእህል ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ፣ የሚሸምተው በግማሽ ይቀንሳል። በክረምት ወራት ያለፈው ዓመት እህል ሲያልቅ አዲሱ ገና አልደረሰም፤ ይህ ወቅት ደግሞ የእርሻ ሥራ የሚበዛበትና ተቅማጥ የሚበረታበት ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ ወባ ይከተላል።

በቤት ውስጥ ያለው የምግብ ክፍፍልም ሊጤን ይገባል። በጅማ ዞን በወጣቶች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ በችግር ላይ ባሉ ቤተሰቦች ውስጥ ልጃገረዶች ከወንዶች ይበልጥ ለምግብ እጦት እንደሚጋለጡ አሳይቷል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርግም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑ ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ ከ18 ዓመት በፊት ያገቡ ነበሩ። ሰውነቷ እድገቱን ሳይጨርስ የምትፀንስ ልጃገረድ ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፤ ጉዳቱም በዚህ መንገድ ወደ ተከታዩ ትውልድ ይተላለፋል። በጾም ወቅትም፣ ጾሙ በሕፃናት ላይ ግዴታ ባይሆንም፣ አንዳንድ እናቶች የማብሰያ ዕቃው እንዳይነካካ በመስጋት ለሕፃኑ ወተትና እንቁላል ከማዘጋጀት ይቆጠባሉ።

ረሀብና በሽታ እንዴት ይመጋገባሉ?

የምግብ እጥረት የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል። በሽታ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ንጥረ ነገሮች ከአንጀት እንዳይመጠጡ ያደርጋል፤ የሰውነትንም ፍጆታ ይጨምራል። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ቤት በቂ ምግብ የሚያገኝ ሕፃን እንኳ በተደጋጋሚ ተቅማጥ ሊቀጭጭ ይችላል። በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ወይም የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ መዋጥ ሲከብደው፣ ወይም የትራንስፖርት ገንዘቡን ለቀለብ ሲያውለው ሕክምናውን ያቋርጣል።

በሽታም በተራው ድህነትን ያባብሳል። አንድ ቤተሰብ ለሕክምና በአራጣ ሲበደር ወይም የሚያርስበትን በሬ ሲሸጥ፣ የዛሬው ሕመም የሚቀጥለው ዓመት ረሀብ ይሆናል። የጥሪት መሟጠጥ በክብደት መለኪያ አይታይም፤ ሲታይ ጊዜው አልፏል።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

የመሬት ይዞታንና ገበያን መለወጥ የጤና ጣቢያ ሥራ አይደለም። የሚከተሉትን ግን ማድረግ ይቻላል።

አንደኛ፣ የሕመምን ታሪክ በምንጠይቅበት ጊዜ ስለ ቀለብም መጠየቅ። ባለፈው ወር የምግብ መጠን የቀነሱበት ወይም ሳይበሉ ያደሩበት ቀን እንዳለ፣ ከብት ሸጠው ወይም ተበድረው እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ መጨረሻ የሚበላው ማን እንደሆነ በአክብሮት ቢጠየቅ ብዙ ይገለጣል።

ሁለተኛ፣ ምክሩ ከአቅም ጋር እንዲመጣጠን ማድረግ። ሥጋ መግዛት ለማትችል እናት ሥጋ ስጪው ማለት ጥፋተኛ እንደሆነች ብቻ እንዲሰማት ያደርጋል። ክክ፣ ሽምብራና ጎመን፣ በቤት ዶሮ ካለም ከመሸጥ የሚተርፍ እንቁላል ለመነሻ ይጠቅማሉ። የታሸገው የሕክምና ምግብ ለወንድምና ለእህት የሚከፋፈል ከሆነ እናቲቱን ከመውቀስ ይልቅ የቤቱን ችግር መረዳት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከድጋፍ ሥርዓቶች ጋር ማገናኘት። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው ምዕራፉ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች፣ እንዲሁም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚንከባከቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው እንዲረዱ ደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለው መብት በተግባር እንዲውል እርግዝናውንም ሆነ ጉዳቱን በወቅቱ የሚያረጋግጥ የጤና ባለሙያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በሬውን ከመሸጥ የሚያድን መንገድ ነው።

አራተኛ፣ ከንስሓ አባቶች፣ ከሼኮችና ከዕድር መሪዎች ጋር መመካከር። ስለ ጾምና ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የሚናገሩት ቃል ከእኛ ትምህርት ይልቅ ይደመጣል።

አምስተኛ፣ የቀበሌን መረጃ አከማችቶ ማየት። የተጎዱ ሕፃናት ቁጥር ከአንድ ጎጥ በብዛት መምጣት ሲጀምር፣ መረጃውን ሳይዘገይ ለወረዳው ማሳወቅ ቤተሰቦች በሬያቸውን ከመሸጣቸው በፊት እርዳታ እንዲደርስ ያስችላል።

ማጠቃለያ

የምግብ ዋስትና እጦት ከሰማይ ብቻ የሚወርድ መቅሠፍት አይደለም፤ መሬት፣ ገቢ፣ ፆታ፣ ልማድና ሰላም የሚወስኑት ማኅበራዊ ሁኔታ ነው። የሰሜኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 መንገድን፣ ገበያንና የጤና ተቋማትን በአንድነት በማቋረጡ ይህንኑ በግልጽ አሳይቷል። ሕፃኑን አድኖ ማሰናበት የሕክምናው እኩሌታ ነው፤ ቀሪው እኩሌታ ወደ ምን ዓይነት ቤት እንደሚመለስ ማወቅና ለዚያ ቤት የሚቻለውን ድጋፍ ማፈላለግ ነው።