ሕያው ሕዋስን በብርሃን መለካት

ማር ከውሃ ይልቅ ዝግ ብሎ እንደሚፈስ ለማወቅ ዓይን ይበቃል፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለውን ዝልግልግነት ግን ማንኪያ ነክሮ መፈተሽ አይቻልም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁት ፍሎረሰንት ቀለሞች ብርሃን ሲያርፍባቸው ጉልበት ይቀበላሉ፤ ከዚያም ወይ አንዱን ክፍላቸውን በሌላው ላይ ጠምዝዘው ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጡታል፣ ወይ በብርሃን መልክ ይመልሱታል። ዙሪያቸው ቀጭን ከሆነ መጠምዘዙ ስለሚቀል ይደበዝዛሉ፣ ከወፈረ ደግሞ ይደምቃሉ። ፎርስተርና ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን ዝምድና በቀመር አስቀምጠውታል።

ቀለሙን የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ የሚስበው የኤሌክትሪክ ልዩነት ነው። የውስጠኛው ሽፋን የውስጥ ወገን ከውጩ እስከ 180 ሚሊቮልት ድረስ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ ሽፋን ማለፍ የሚችል ፖዘቲቭ ሞለኪዩል ውስጥ ይከማቻል። እያንዳንዱ 60 ሚሊቮልት ገደማ ክምችቱን አሥር እጥፍ ስለሚያሳድገው፣ 180 ሚሊቮልት ሺህ እጥፍ ያደርሰዋል። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ነው። የደመቀው ማይቶኮንድሪያ ውስጡ ስለወፈረ ይሁን ብዙ ቀለም ስለሰበሰበ፣ ድምቀቱ ብቻ አይነግረንም። ስለዚህ ከድምቀት ይልቅ የብርሃኑን ዕድሜ፣ ማለትም ሞለኪዩሉ ብርሃን ከተቀበለ በኋላ እስኪመልስ የሚቆይባቸውን ናኖሰከንዶች መለካት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ይህ ዕድሜ እንደ ዙሪያው ውፍረት ይለያያል እንጂ በሞለኪዩሎቹ ብዛት አይወሰንም። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪ ማሪና ኩይሞቫና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ መንገድ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለውን ዝልግልግነት በካርታ መልክ አሳይተዋል።

ቀለሙ ራሱ ሕዋሱን ይጎዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሥራ፣ በብርሃን ሕዋሱን የገደለውና ሕዋሱ ሲሞት ዝልግልግነቱ መጨመሩን የለካው አንድ ሞለኪዩል ነበር። በዚያ ሙከራ ግድያው የታቀደ ነው፤ በሌላው ሁሉ ግን አነስተኛ መጠን፣ አጭር ብርሃንና ቀለም ያልነካው ማነጻጸሪያ ሕዋስ የግድ ያስፈልጋሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ማይቶኮንድሪያው ሲታመም ቮልቴጁ ስለሚወድቅ፣ መለካቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ቀለሙ ሾልኮ ይወጣል። በማይቶኮንድሪያው ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር በኬሚካል ትስስር የሚጣበቁ ቀለሞች የተሠሩት ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ሞለኪዩሉ የሚያነበው የቅርብ ዙሪያውን ብቻ ነው፤ በቅባታማው ሽፋን የተቀመጠውና በፕሮቲን በታጨቀው የውስጥ ፈሳሽ ያለው አንድ ዓይነት ንባብ አይሰጡም። ዝልግልግነቱ ከሚታወቅ ግሊሰሪን ጋር ተመሳክሮ የተገኘ ቁጥርም ለሁለቱ እኩል አይሠራም። በአንድ ቀለም፣ በአንድ ስፍራ፣ ጤነኛውን ከታመመው ጋር ማነጻጸር ግን አስተማማኝ ነው፤ ቀለሙ የት እንደተቀመጠ ሳይታይ ስለ ማይቶኮንድሪያው ሁሉ የሚነገር አንድ ቁጥር አያሳምነኝም።